ባትሪውን ምን በላው?

ባለፈው ቅዳሜ የክረምት ካፖርቴን ላወጣ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ወዳለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጓዳ ወረድኩ። እዚህ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ሰፈር ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ እንዲህ ያለች ጠባብ ጓዳ አለችው፤ ብስክሌቱንም፣ የሞተ ቴሌቪዥኑንም፣ ልጣላት አልጣላት የሚላትንም ዕቃ ሁሉ እዚያ ያጭቃል። በሩን ስከፍት አምፖሉ ተቃጥሏል። አብራኝ የወረደችውን፣ ገና ስልክ ያልተገዛላትን የልጅ ልጄን «ሳሮንዬ፣ ሩጪና ባትሪ አምጪልኝ» አልኳት። ልጅቷ ታዛዥ ናት። እየሮጠች ወጥታ እያለከለከች ተመለሰችና መዳፌ ላይ ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ቁጭ አደረገችልኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባትሪ ነዋ! አንተ ራስህ ባትሪ አልከኝ!» አለችና ወገቧን ይዛ አፈጠጠችብኝ።

«አንተ» ስትለኝ ድሮ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ለሷ ባትሪ ማለት ድንጋዩ ነው። እኔ ባደግኩበት አገር ባትሪ የሚባለው በእጅ የሚያዘው መብራት ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ይባላል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በጥርሳችን ነከስ ነከስ አድርገን እንደገና እናሠራው ነበር። የመኪናውም ባትሪ ስሙ ያው ባትሪ ነው። ጨለማው ውስጥ ድንጋዮቹን እንደያዝኩ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ልጅቷ አበደ ብላኝ እንደሁ አላውቅም። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ታምራት ነበር፤ ታምራትና የጀልባዋ ክረምት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። ቀን ቀን አምስተርዳም ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ማደሪያዬ ደግሞ አንድ አሮጌ ቦይ ላይ የታሰረች ጀልባ ነበረች። የኔ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቷ መኔር ያፕ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በወንዝ ላይ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። መኔር እኛ አቶ እንደምንለው ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በየጠዋቱ በጀልባቸው በኩል አልፋለሁ፤ እጅ እነሳለሁ፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ። ትውውቃችን ይኸው ነበር። በዚያ መከር መጨረሻ መወጣጫው ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸውን ተሰበሩና ልጃቸው ወደምትኖርበት፣ እኛ ሄግ ወደምንላት ወደ ዴን ሃግ ከተማ፣ ወደ አንድ ማገገሚያ ቤት ተወሰዱ። ከመሄዳቸው በፊት የጀልባዋን ቁልፍ የሰጡት ለኔ ነው። ምን ዓይተውብኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ሰው አልነበራቸውም ይሆናል። እኔም በጋራ የተከራየሁትን ክፍል ልቀቅ ተብዬ ማደሪያ የጨነቀኝ ጊዜ ነበር።

«እንግዲህ ስማኝ» አሉኝ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው። «ጀልባዋ ከሞተሩ ዘንግ በኩል ውኃ ታስገባለች። ውኃው ከፍ ሲል ትንሽ ፓምፕ በራሷ ተነስታ ትተፋዋለች። ፓምፗ የምትሠራው በባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ፓምፗ ትሞታለች፤ ፓምፗ ከሞተች ጀልባዋ ትሰጥማለች። ያኔ እኔም ቤት የለኝም፣ አንተም የለህም።» ቀጠሉና «ፊት ለፊት ክፍል ያለው ቁም ሣጥን የሪያ ነው» አሉ። ሪያ በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ የሞቱባቸው ባለቤታቸው ናቸው። እኔም «እሺ፣ መኔር» ብዬ ወጣሁ።

አቤት ያ ክረምት! ውርጩ ገና ሳይመጣ ጭጋጉ ቀድሞ መጣ። ከጎረቤት ጀልባዎች የአተር ሾርባ ሽታ እየመጣ አፍንጫዬ ላይ ይቆማል፤ ከሩቅ የትራም ደወል ይሰማል፤ ሰው ግን የለም። ማለቴ ሰው አለ፤ ለኔ የሚሆን ሰው ነው የሌለው። አማርኛ አፌን ሳይነካው ሳምንቱ ያልቃል። ይህን ስል ማጋነን ይመስላል፤ አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ጀልባዋ ሥር የሚመላለሱትን ጥቋቁር የውኃ ወፎች «እናንተ ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?» እላቸው ነበር። እነሱም እንደ አገሬው ሰው ዘወር ብለው አይተውኝ ይሄዳሉ።

ባትሪው መሞት የጀመረው ይኸኔ ነው። መጀመሪያ መብራቱ እንደ ሻማ ቀላ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፓምፗ ዝም ብላለች፤ የወለሉ ሳንቃ ላይ ውኃ ወጥቶ ጫማዬ ይንሳፈፋል። ሞተሩን ላስነሳና ባትሪውን ልሙላ ብል ሞተሩም የሚነሳው በዚያው ባትሪ ነው፤ ጭጭ አለ። በባልዲ ስቀዳ ስደፋ ወገቤ ተቆረጠ። በማግሥቱ ባትሪውን ፈትቼ ብስክሌት ላይ አስሬ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ሞልተው ሰጡኝ። ሳምንት ሳይሞላው ደገመኝ። እንደገና ወሰድኩት። አሲዱ ሱሪዬን በሳስቶ ወንፊት አስመሰለው። በመጨረሻ የጋራዡ ሰው መርምሮት «ባትሪህ ጤነኛ ነው፤ አንድ ነገር ነው የሚበላው» አለኝ።

ምን? እኔ መብራት አላበዛም። ሬዲዮ እንኳ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ሁሉን አጥፍቼ ነው። ሥራ ቦታ የሰው ቢሮ እየወለወልኩ ልቤ ጀልባዋ ጋ ነው፤ ስመለስ ድልድዩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የማየው ጀልባዋ ከውኃው በላይ መሆኗን ነው። ብትሰጥም የት እገባለሁ? ከዚያ በላይ ደግሞ ለሽማግሌው ምን እላቸዋለሁ? ያመኑኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የሚበላውን ነገር የማግኛ ዘዴው አልጠፋኝም። አጎቴ ናዝሬት ጋራዥ ነበራቸው፤ እዚያ ነው ያደግኩት። ከባትሪው ጫፍ አንዱን ገመድ ትፈታና በመሃል ትንሽ የመኪና አምፖል ታስገባለህ። የሚበላ ነገር ካለ አምፖሉ ይበራል። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ትነቅላለህ፤ አምፖሉ የጠፋ ጊዜ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ችግሩ ባትሪው ጀልባዋ ጅራት ላይ፣ ወለል ሥር ነው ያለው፤ ፊውዞቹ ደግሞ መሪው ጋ፣ ከፊት ናቸው። አንድ ሰው ይነቅላል፣ አንድ ሰው ያያል። ብቻዬን መሞከሬ አልቀረም፤ ነቅዬ በበረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ስሮጥ፣ ተንበርክኬ ሳይ፣ ተመልሼ ስሮጥ የቱን እንደነቀልኩ ይጠፋኛል። በመጨረሻ ጀልባዋ መሃል ቁጭ አልኩ። አያችሁ፣ ያን ጊዜ የጎደለኝ ባትሪ ብቻ አልነበረም።

ታምራትን የደወልኩለት በዚያው ቀን ነው። ወዳጄ ነበር ለማለት አልደፍርም። ያለፈውን ፋሲካ ዴን ሃግ ሰው ቤት ስናከብር አጠገቤ የተቀመጠ፣ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር የነበረ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ትንሽ ከተማ እየኖረ አጠገቧ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን የሚጠርግ ሰው ነው። ስልኩን ሰጥቶኝ ነበር። ከመንገድ ዳር የስልክ ሣጥን ደወልኩ፤ መስመሩ ይንጫጫል፣ ሳንቲሙም እየወረደ ነው።

«ታምራት፣ ባትሪዬ እየሞተብኝ ተቸገርኩ!»

«ምንህ ሞተ?»

«ባትሪዬ! ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ነው የምቀረው። ሁለተኛ ባትሪ ብታገኝልኝ...»

«ውይ ወንድሜን! ለዚህ ነው ድምፅህ እንዲህ የተሰበረው? ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ተሸክሞት ይመጣል እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ከጎረቤት የእጅ ጋሪ ተውሼ እየገፋሁ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ጠበቅኩት። ታምራት አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ።

«ዕቃው የታለ?» አልኩት ገና ሳልስመው።

«ይኸው!» ብሎ ከፌስታሉ ውስጥ ትልቅ የእጅ ባትሪ፣ ከነድንጋዩ፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ አወጣ። ከዚያ ጋሪውን አየ። «ይሄ ጋሪ ለምንድን ነው? እኔን ልትጭነኝ ነው?»

ነገሩን ስነግረው ጣቢያው መሃል ጮኸ። «እና ባትሪ አልከኝ፣ ጨለማ ውስጥ ነኝ አልከኝ፤ ምን ላመጣልህ ኖሯል፣ ትራክተር?» ሳቄ መጣ። መሳቁ አላቆም ሲለኝና ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ሲል ፊቴን ወደ ባቡሮቹ አዞርኩ። ታምራት ያየ ሳይመስል ፌስታሉን ጋሪው ላይ አስቀመጠና «በል ግፋ፣ ወጡ እንዳይደፋ» አለኝ። የነቢያት ጾም ስለነበር ምስር ሠርቶ፣ እዚህ ለኬክ በሚሸጡት ዱቄት የጋገራትን ነጭ እንጀራ ይዞልኝ መጥቷል። ሚጥሚጣ ስለሌለ የሱሪናም ቃሪያ ከትፎበት አፋችንን አቃጠለን፤ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር!

እንደበላን ሥራ ጀመርን። ታምራትን ጅራቱ ጋ በሆዱ አስተኛሁትና ጭንቅላቱን ወለሉ ሥር አስገብቶ አምፖሉን እንዲያይ አዘዝኩት። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ «ይሄ ነገር ይገድለኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አይገድልህም፣ ልሙት ካልክ ግን ትሞታለህ» አልኩት። እኔ ፊውዙ ጋ ሄድኩ።

«በርቷል?»

«በርቷል!»

«አሁንስ?»

«አለ! እንዳለ ነው!»

«አሁንስ?»

እንዲህ እየተጯጯህን የቦዩን ሰላም አደፈረስን። ጎረቤት ጀልባ ያለች ሴትዮ ሰው የተጣላ መስሏት መስኮቷን ከፍታ አየችን፤ ከገባሁ ጀምሮ ፊቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን መጮሁ ጣመኝ። እውነቴን ነው፤ ሌባው እንዳይገኝና ጩኸቱ እንዳያልቅ የተመኘሁ ይመስለኛል። ታች ያለውን አንዱን ፊውዝ ስነቅል ታምራት «ጠፋ! ኧረ ጠፋልህ!» ብሎ ሲነሳ ጭንቅላቱን ሳንቃው ጋ አጋጨ።

የዚያን ፊውዝ ሽቦ በእጃችን እየዳበስን ተከተልነው። በግድግዳው ሥር ሥር ሄዶ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ገባ፤ ከዚያ የሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ጠለቀ።

«ክፈተዋ!» አለ ታምራት።

«የሴትዮዋ ነው እኮ።»

«እስከ ዛሬ ከፍተህ አታውቅም?»

«የሰው ሚስት ልብስ የተቀመጠበትን ምን ቆርጦኝ እከፍታለሁ? ያውም የሟች!»

ሌላ ሰው ቢሆን በገባ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚከፍተው፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን እዚያ ክፍል እንኳ ካልቸገረኝ አልገባም። አሁን «ይቅርታ፣ እመቤቴ» ብዬ ከፈትኩት፤ ታምራት ባመጣው ባትሪ አበራልኝ። ቀሚሶች፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ከታች ቦቲ ጫማ፣ የሳሙና ሽታ። ከላይ አንዲት ትንሽ አምፖል። በሩ ሲከፈት የምትበራ፣ ሲዘጋ የምትጠፋ ዓይነት ናት። ስነካት ገና ትኩስ ነበረች። ማጥፊያዋ ላይ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ በፕላስተር ተጠምጥሞበታል። በሩ ተዘግቶም ስትበራ ከርማለች ማለት ነው፤ ቀንም ማታም፣ ማንም ሳያያት፣ እኔ አጠገቧ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ።

«አንድ ሰው አስቦበት ያደረገው ነው» አለ ታምራት ዝግ ብሎ። «ነቅለህ ጣለው። ቤትህን ሊያሰጥምብህ ነው።» እንጨቱን አልነካሁትም፤ ፊውዙን ግን ሳልመልስ ተውኩት። በሩን መልሰን ዘጋን። አመሻሹ ላይ ታምራትን ሸኝቼ ስመለስ ጀልባዋ ከበፊቱ የባሰ ዝም አለችኝ።

ባትሪው ግን አልሞተም። ሳምንቱ አለፈ፤ መብራቱ ቦግ ብሏል፤ ፓምፗ እየተነሳች ትተፋለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሑድ ብርቱካን ገዝቼ የምሥራቹን ልነግራቸው ወደ ዴን ሃግ ሄድኩ። መኔር ያፕ መስኮት አጠገብ ተኝተዋል፤ ከስተው እጃቸው ቆዳ ብቻ ሆኗል። ገና ወንበር ሳልስብ እጄን ያዙኝ።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው መብራት» አሉኝ። «አሁንም ይበራል?»

ብርቱካኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሪያ ጨለማ አትወድም ነበር» አሉ ዓይናቸውን ከኔ ላይ ሳያነሱ። «ከቀብሯ ስመለስ የቁም ሣጥኗን በር ስዘጋ መብራቱ ጠፋ። ልብሶቿን ጨለማ ውስጥ ዘግቼ መተኛት አቃተኝ። የሽማግሌ ሞኝነት ነው፤ ለልጄ እንዳትነግራት። እዚህ ተኝቼ የማስበው እሱን ብቻ ነው። ይበራል?»

የምሥራቹ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«ይበራል፣ መኔር» አልኳቸው። «እንዴታ! ይበራል።»

እጄን ለቀቁኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርቱካኑን ልጬላቸው ወጣሁ። ባቡሩ ውስጥ ስገባ እንደ ሰው መቀመጥ አቃተኝ። ውጭው ጭጋግ የዋጠው ሜዳ ነው፤ እርጥብ በጎች፣ ቦይ፣ እንደገና ሜዳ። እኔ ባቡሩ በየጣቢያው በቆመ ቁጥር እቁነጠነጣለሁ። በዚህ አገር ቤቴ ለመድረስ ስቸኩል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከጣቢያው እስከ ጀልባዋ ሮጥኩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊውዙን መለስኩና ቁም ሣጥኑን በስሱ ከፍቼ አየሁ። በርታለች። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

እንግዲህ ባትሪው እንደገና ይበላል ማለት ነው። እሳቸውን እንዳላሳዝን ብዬ ቤታቸውን ላሰጥም አይደል? መድኃኒቱ ሁለተኛ ባትሪ ነበር፤ አንደኛው ለፓምፗና ለሞተሩ ብቻ፣ ሌላው ለመብራቱ። የአምፖሏ ባትሪ ቢሞትም ፓምፗ አትሞትም፤ ሞተሩም በየጊዜው ተነስቶ ሁለቱንም ይሞላቸዋል፤ እሳቸውም እያሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር መሰለኝ። ለታምራት ስደውል «የመኪና ባትሪ! የ-መ-ኪ-ና!» እያልኩ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ገባኝ ባክህ፣ ደንቆሮ አደረግከኝ» አለና ቅዳሜ መጣ። አንድ የሚያውቀው ሰው ከሚፈታው አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ለምኖ ያገኘውን ባትሪ በሕፃን ጋሪ አስተኝቶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ በሜትሮና በባቡር እየገፋ። ባቡር ውስጥ አንዲት አሮጊት ሕፃኑን ልታይ ጎንበስ ስትል «ተኝቷል፣ ተኝቷል!» ብሎ እንደተከላከለ ሲነግረኝ በሳቅ ፈረስን። አስገባነው፣ ገመዱን ለየን፣ አጠበቅን። ለምን ይህን ሁሉ እንደምደክም ስነግረው ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ «እኔ ደግሞ ነቅለህ ጣለው ብዬህ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ዴን ሃግ እሄዳለሁ። «ይበራል?» ይሉኛል። «ይበራል» እላለሁ። ሌላ ብዙ ወሬ አልነበረንም፤ ደችዬም አያወላዳም። ማታ ልተኛ ስል ወደዚያ ክፍል ዞሬ «ደህና ይደሩ» ማለት ለመድኩ። ብቸኝነቱ ለቆኝ አይደለም። ታምራት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ክረምቱም ገና ረጅም ነበር። ግን ስወጣ የምተወው ነገር ነበረኝ፣ ስመለስም አይቼ የማረጋግጠው።

መኔር ያፕ ወደ ጀልባቸው ሳይመለሱ በጸደይ መግቢያ ላይ አረፉ። ልጃቸው ዕቃ ልታነሳ መጣች። አትንገራት ብለውኝ ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም። ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ክብሪቱን አየች፤ ፕላስተሩን በጣቷ ዳሰሰች። «አባቴ ቀብሩ ላይ አላለቀሰም» አለችኝ። «አንድም ቀን ይቅር ብዬው አላውቅም ነበር።» ቢጫውን ካፖርት ብቻ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ጀልባዋ ተሸጠች፤ ለኔም በኋላ ቤት ደረሰኝ። ከጀልባዋ በወጣሁ ቀን እንጨቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ታምራት ዛሬም ካፔለ ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ስላለው ወሬያችን በስልክ ሆኗል። ያን ክረምት ሳስበው ከብርዱ ይልቅ የከበደኝ የሚጠይቀኝ ማጣቴ እንደነበር ይገባኛል። ወረቀት የያዙት መቼ ተወለድክ፣ በየት ገባህ እያሉ ብዙ ጠይቀውኛል። እኔ ምን እንደምመልስ ልባቸው ተንጠልጥሎ የጠበቁኝ ግን አንድ የአልጋ ቁራኛ ሽማግሌ ነበሩ። ለሳቸው ያልኩትን እውነት ለማድረግ የደከምኩት ድካም ደስ ይለኛል።

ማታ ማታ ልጄ ትደውልልኛለች። «አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትለኛለች። «ወስጃለሁ» እላታለሁ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ፣ ተነስቼ እወስዳለሁ።